ጨፌውን ማረስ ይሻላል ወይስ መተው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው በፎገራ ወረዳ፣ የጉማራ ወንዝ ወደ ጣና ከሚገባበት ስፍራ ብዙም ሳይርቅ ነው። በእርሻችን ግርጌ ደንገልና ፊላ የሚበቅልበት፣ ክረምት ከበጋ እግር የሚያሰምጥ ጨፌ አለ። ወንድሞቼ ቦይ ቀደው ውሃውን ወደ ሐይቁ ከለቀቁ በኋላ ሩዝ ሊዘሩበት አስበዋል። አባታችን በሕይወት ሳሉ ሣሩን ከማጨድ በቀር እንዲነካ አይፈቅዱም ነበር። ይሁንና ያለን መሬት ለሦስት ወንድማማቾች አይበቃም። ጨፌው ሳይታረስ ቢቆይ የሚሰጠን ጥቅም ምንድን ነው?

መልስ፦ የወንድሞችዎን ሐሳብ እንደ ስስት አንቆጥረውም። ቀድሞ በየክረምቱ በጎርፍ ይዋጥ የነበረውና በአብዛኛው ለከብት ግጦሽ የሚውለው የፎገራ ሜዳ፣ በደርግ ዘመን ሩዝ ከገባበት ወዲህ ብዙ ቤተሰብ የሚኖርበት እርሻ ሆኗል፤ ሩዙ ከታጨደም በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። ውሃ የሚተኛበት መሬት ገንዘብ መሆኑን በዓይኑ ያየ ገበሬ ወደ ጨፌው ቢመለከት አያስደንቅም።

ነገር ግን ጨፌው ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ መሬት አይደለም። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢበልጥም፣ ጥልቀቱ እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ ከ15 ሜትር ገደማ አያልፍም፤ ስለዚህ ወንዞቹ የሚያመጡለትን ነገር ሁሉ በጥልቀቱ ሸሽጎ የሚያስቀር ሐይቅ አይደለም። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥተው በታረሰ ዳገት መካከል ሲወርዱ፣ ክረምት ላይ ቡናማ ሆነው የሚደርሱት የሰውን አፈር ተሸክመው ነው። ከማዳበሪያና ከፍግ የሚመጣው ፎስፈረስ በአብዛኛው ከዚያ አፈር ጋር ተጣብቆ ይጓዛል፤ ናይትሮጅኑ ግን በውሃው ውስጥ ሟሙቶ ስለሚሄድ በዓይን አይታይም። ሁለቱም ሐይቁ ውስጥ ሲገቡ የሚያደርጉት በማሳ ላይ የሚያደርጉትን ነው፤ ያበቅላሉ። በጣና ላይ የሚያበቅሉት ግን አልጌንና ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በተለይ የሰሜኑንና የምሥራቁን ዳርቻ ያስጨነቀውን እምቦጭን ነው።

ጨፌው በእርሻውና በሐይቁ መካከል ቆሞ ይህን ጭነት ይቀበላል። ጎርፉ ደንገሉ ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ውሃ ፍጥነቱን ሲያጣ ደግሞ የያዘውን ደለል ይጥላል፤ ከደለሉ ጋር ፎስፈረሱም እዚያው ይቀራል። የናይትሮጅኑ ነገር ከዚህ ይበልጥ ይደንቃል፤ አየር በማያገኘው ጥቁር ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ደቂቅ ሕዋሳት በውሃው የሟሟውን ናይትሮጅን (ናይትሬት የሚባለውን) ወደ ጋዝ ለውጠው ወደመጣበት አየር ይመልሱታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ውሃው ቀስ ብሎና ተዘርግቶ ሲያልፍ ብቻ ነው። ወንድሞችዎ ሊቀዱት ያሰቡት ቦይ ውሃውን ሰብስቦ በቀጥታ ወደ ሐይቁ ስለሚወስደው፣ ጨፌው ቢታረስም ባይታረስም ሥራው በዚያው ቀን ይቆማል። ከዚያም በላይ ለዘመናት በውሃ ሥር ተከማችቶ የኖረው የበሰበሰ ሥርና ቅጠል ሲደርቅ መፈራረስ ስለሚጀምር፣ ይዞት የነበረውን ንጥረ ነገር ከነአፈሩ መልቀቁ አይቀርም። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት አንዳንድ ጊዜ እጅግ ጥሩ የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ይህ ግን ከተጠራቀመው ላይ የሚበላ ምርት ነው።

የዓሣውንም ነገር ያስቡ። አምባዛና ቆሮሶ የሚራቡት ጥልቀት በሌለው፣ ሣር ባለበት የሐይቁ ዳርቻ ነው፤ ጫጩቶቻቸውም የሚደበቁት ደንገሉ ውስጥ ነው። ደንገል ከሌለ ከእርሱ የሚሠራው ታንኳም ይጠፋል።

ምክራችን ቦዩ እንዳይቀደድ ነው። ይህን ስንል ግን መሬቱን ያለ ጥቅም ያስቀምጡት ማለታችን አይደለም። አባትዎ እንዳደረጉት ሣሩን አጭዶ መጠቀምና መሸጥ ይቻላል፤ ደንገሉም ሥሩ ካልተነቀለና በየተራ፣ ከፊል ከፊሉ ብቻ ከተቆረጠ መልሶ ይበቅላል። እሳት ግን አይለቀቅበት። አሁን በምታርሱት የሩዝ ማሳ ላይ ደግሞ ዩሪያውን በአንድ ጊዜ ከመርጨት ከፋፍሎ መስጠት፣ ከባድ ዝናብ ሊጥል ሲል አለመስጠትና ከሰጡ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል የማሳውን ማፍሰሻ ዘግቶ ማቆየት ይገባል፤ ከማሳ ወጥቶ ወደ ጉማራ የሚሄደው ማዳበሪያ በገዛ ገንዘባችሁ የተገዛ ነውና። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተራችሁንም ተመልከቱት፤ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው መሬት በጋራ ይዞታ የተመዘገበ ሆኖ ስለሚገኝ ወንድሞችዎ ከቀበሌው ጋር ወደ ክርክር ሊገቡ ይችላሉ።

አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም። በ2007 ዓ.ም. ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት፣ ማለትም ተፈጥሮው ከሰው ኑሮ ጋር አብሮ የሚጠበቅበት ስፍራ ሆኖ፣ ሲመዘገብ የመላው አገር ደስታ ነበር፤ ሐይቁን የመጠበቁ ሸክም ግን በአመዛኙ ዳር ላይ ባለው ገበሬ ላይ ወድቋል። ወንዞቹ በሚወርዱበት በፋርጣ ወረዳ ዳገት ዕርከን ካልተሠራና ካልተጠገነ፣ ከተሞቹም ፍሳሻቸውን ካላከሙ፣ የእናንተ ጨፌ ብቻውን የሚችለው አይሆንም። ጨፌውን ሳያርስ ያቆየ ቤተሰብ ስለሚተወው ምርት ካሳ ወይም ሌላ ድጋፍ ሊያገኝ ይገባል የሚለውን ሐሳብ በሙሉ ልብ እንደግፋለን።

ጥያቄ፦ የምንጠጣው በእጅ ከተቆፈረ ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱ ከሽንኩርት እርሻ ግርጌ ይገኛል። የሁለት ወር ሕፃን አለችኝ። ውሃውን ባፈላው ይበቃል?

መልስ፦ ማፍላት ተቅማጥ የሚያመጡ ጀርሞችን ስለሚገድል አያቋርጡት። ከማዳበሪያ የሚመጣውን ናይትሬት ግን ማፍላት አያጠፋውም፤ እንዲያውም ውሃው በእንፋሎት ሲቀንስ ናይትሬቱ በቀረው ውስጥ ይበረታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ወሰኑን ያለፈ ውሃ በተለይ ስድስት ወር ያልሞላቸውን ሕፃናት ደም ኦክስጅን በሚገባ እንዳይሸከም ሊያደርግ ይችላል። ለልጅዎ የጡት ወተት ብቻ ይስጡ፤ እርስዎ ውሃውን ቢጠጡም የጡት ወተትዎ ይጠብቃታል። የዱቄት ወተት ለመበጥበጥ የግድ ከሆነ ከዚህ ጉድጓድ አይቅዱ። የልጅዎ ከንፈር ወይም ጥፍር ወደ ሰማያዊነት ከተለወጠ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዷት። ውሃው እንዲመረመር የወረዳውን የውሃ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። የፀረ ተባይ መርጫ በጉድጓዱ አጠገብ እንዳይታጠብም ለእርሻው ባለቤት በግልጽ ይንገሩ፤ ይህ ልማድ በየመንደሩ ይታያል፣ አደጋውም ከናይትሬት የሚያንስ አይደለም።

ጥያቄ፦ ከባህር ዳር ተነሥተን በእምቦጭ ነቀላ ዘመቻ የተሳተፍን ወጣቶች ነን። የነቀልነው ክምር ዳርቻው ላይ እንደተቆለለ ቀርቷል። ኮምፖስት ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፤ ነገር ግን በቅድሚያ ከዚያ ስፍራ መነሣት አለበት። እምቦጭ ከሐይቁ የመጠጠውን ንጥረ ነገር በቅጠሉና በግንዱ ይዟል፤ ዳርቻው ላይ ከበሰበሰ በቀጣዩ ክረምት ያ ሁሉ ተመልሶ ሐይቁ ውስጥ ይገባል፣ ድካማችሁም በከንቱ ይቀራል። ጎርፍ ወደማይደርስበት ከፍታ አውጡት፣ ጥቂት ቀን አጠውልጉት፣ ከፍግና ከሩዝ ገለባ ጋር አነባብራችሁ ከምሩት፤ መካከሉ እጅ እስከሚያቃጥል ድረስ መጋሉንም እያያችሁ ደጋግማችሁ አገላብጡት። ዘሩ በጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት መቆየት ስለሚችል፣ በደንብ ያልጋለ ክምር እምቦጩን ወደ መስኖ ቦይ ሊያዛምተው ይችላል። ስለዚህ የሚመረጠው ሳያብብ የተነቀለው ነው። ከከተማ ፍሳሽ አጠገብ የተነቀለውን ግን ለአትክልት አትጠቀሙበት፤ እምቦጭ ጎጂ ብረታ ብረቶችንም ከውሃው ይመጥጣልና።