«ሲቪዬን ልኬያለሁ፤ ማን ያየዋል?» የመሐንዲሶች ጥያቄና መልስ

ጤና ይስጥልኝ። ስድስት ዓመት ሳይት ላይ አቧራ ቅሜያለሁ። ከዚያ ቢሮ ገባሁ። አሁን ለአንድ ተቋራጭ ድርጅት መሐንዲሶችን ኦንላይን እየፈለግሁ አስቀጥራለሁ። ከወንበሩ ወዲያ ማዶ ያለውን ንገረን ስላላችሁኝ፣ ይኸው፤ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነኝ። በሲቪል ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ኢትዮጆብስና ሊንክድኢን ላይ መቶ ቦታ አመልክቻለሁ። አንድም የደወለልኝ የለም። ችግሩ እኔ ነኝ ወይስ ድረ ገጹ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አንቺ ያላመጣሽውን እናንሳ። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ 70 በመቶውን ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲመድብ ነበር። አብዛኛው ደግሞ ኢንጂነሪንግ ገባ። ኮንስትራክሽኑ ሲቀዘቅዝ ሰልፉ ብቻ ቀረ። ለአንድ የጀማሪ ሳይት መሐንዲስ ቦታ የሚመጣውን የሲቪ ክምር አይቼ እኔም እደነግጣለሁ።

ወደ ሲቪሽ ልምጣ። መቶውም ቦታ የላክሽው አንድ ሲቪ ነው አይደል? እኔ መፈለጊያው ላይ «ሲቪል ኢንጂነር» ብዬ አልጽፍም። እንደዚያ ብል ዓለም ሁሉ ይመጣብኛል። የምጽፈው «ቴክኦፍ ሺት» (የሥራ መጠን የሚለካበት ቅጽ)፣ «ፔይመንት ሰርተፊኬት» (ለተሠራ ሥራ የክፍያ ሰነድ)፣ «ኢታብስ» (የሕንፃ ዲዛይን ሶፍትዌር)፣ «አስፋልት» ነው። ሲቪ የሚያጣራው ሲስተምም እነዚህ ቃላት ያሉበትን ሲቪ ያመጣልኛል። «ታታሪና በቡድን መሥራት የምወድ» የሚለውን ፈልጌ አላውቅም፤ የሚፈልግ ሰውም አላውቅም።

«ልምድ የለኝም» እንዳትዪኝ። ኢንተርንሺፕ ወጥተሻል። ብረት ቆጥረሻል? ኮንክሪት ሲሞላ ስላምፕ (የኮንክሪቱን ቅጥነት) ለክተሻል? ሕንፃው ጂ ፕላስ ስንት ነበር? ይህን በሦስት መስመር ጻፊ። ከዚያ መቶውን ትተሽ በሳምንት አምስት ቦታ ምረጪ። ለእያንዳንዱ ማስታወቂያው የተጠቀመበትን ቃል ተጠቀሚ፤ በእውነት የሠራሽውን ከሆነ ብቻ።

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት ልምድ አለኝ። የውጭ ድርጅት ሲስተም ግን ወዲያው «አያሟሉም» ብሎ መለሰኝ። ማስታወቂያው የሚለው ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዓመተ ምሕረቱን የጻፍከው በእኛ ነው በእነሱ? ሳልጠይቅህ አላልፍም፤ ምክንያቱም እኔም ተሸውጄበታለሁ።

የተመረቅሁት በ1999 ዓ.ም. ሐምሌ ነው። ለአንድ የውጭ ድርጅት ሳመለክት 1999 ብዬ ጻፍሁ። ፓስፖርቴ ላይ የልደት ዘመኔ በፈረንጅ 1984 ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ ሴትየዋ ፈገግ ብላ «በ15 ዓመትህ መሐንዲስ ሆንህ?» አለችኝ። እሷስ ጠየቀችኝ። ማሽን አይጠይቅም፤ ቀንሶ ያልፋል። አንተም «ከ2014 እስከ አሁን» ብለህ ከሆነ አራቱ ዓመት ለማሽኑ አሥራ ምናምን ሆኗል። ለመካከለኛ ቦታ የመጣ አንጋፋ ነው የመሰልከው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ 7 ደምር፤ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜን 8። እግረ መንገድህን የስምህን አጻጻፍ ፓስፖርትህ ላይና ዲግሪህ ላይ አስተያየው። አንድ ፊደል ቢለያይ ማረጋገጫ ሲመጣ ያስቸግርሃል።

ጥያቄ፦ ፎቶ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ቀለም ያለው ባለ ሁለት ዓምድ ሲቪ?

መልስ፦ አንዱም አያስፈልግም። ባለ ሁለት ዓምዱን ሲስተሙ ብዙ ጊዜ አደበላልቆ ያነበዋል። የአንድ አመልካች ስልክ ቁጥር የትምህርት ቤቱ ስም መሃል ገብቶ አግኝቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ የተመረቅሁት በኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት ነው። ሊንክድኢን ላይ ምን ብዬ ልፈልግ? በዚህ ስም ሥራ የለም።

መልስ፦ እውነትህን ነው፤ ስሙ የእኛው ዩኒቨርሲቲዎች ስም ነው። ኦኔት የሚባል የአሜሪካ የሥራ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ አለ፤ ነፃ ነው። እዚያ «ኮንስትራክሽን ማናጀር» እና «ኮስት ኤስቲሜተር» የሚሉትን ክፈት። ሰዎቹ በየቀኑ የሚሠሩት ተዘርዝሯል። አንተ ከሠራኸው ጋር አስተያይና የሚገጥመውን ስም ያዝ። ለሀገር ውስጥ ደግሞ ኳንቲቲ ሰርቬየር (የሥራ መጠንና ወጪ የሚያሰላ)፣ ኦፊስ ኢንጂነር፣ የኮንትራት አስተዳደር ብለህ ሦስት የተለያየ ማሳወቂያ (አዲስ ሥራ ሲወጣ የሚደርስህ መልእክት) ክፈት። አሠሪው ዲግሪህን ሳይሆን ክፍተቱን ነው የሚጽፈው።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነኝ። አዲስ አበባ ስምንት ዓመት የመንገድ መሐንዲስ ነበርሁ። እዚህ አራት ዓመት ኡበር ነድቻለሁ። ዕድሜዬም ሄዷል። የመሐንዲስ ሥራ ፍለጋ መግባት ዋጋ አለው?

መልስ፦ አለው፣ ጋሼ። ግን ሁለት መንገድ ለይተው ይያዙ።

አንደኛው የፈቃድ መንገድ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ስቴት ነው። የመጀመሪያው ፈተና ኤፍኢ ይባላል፤ 110 ጥያቄ አለው፣ በኮምፒውተር ነው። የእኛን ዲግሪ የሚያስመዝነው ኤንሲኢኢኤስ የሚባለው ተቋም ነው። ይህ ጊዜ ይወስዳል።

ሁለተኛው ፈቃድ የማይጠይቅ ሥራ ነው፤ እዚህ ላይ ነው የእኛ ሰው የሚሸወደው። «ሲቪል ኢንጂነር» ብሎ ይፈልግና «ፈቃድ ያስፈልጋል» የሚል ሲያይ ይዘጋዋል። «ኮንስትራክሽን ኢንስፔክተር»፣ «ካድ ቴክኒሽያን» (ንድፍ በኮምፒውተር የሚሠራ)፣ «ማቴሪያል ቴስቲንግ» (የግንባታ ዕቃ ፍተሻ) ብለው ይፈልጉ። የመንገድ ሥራ ቁጥጥር ስምንት ዓመት የለመዱት ነው። ደመወዙ መጀመሪያ ላይ ላያስደስት ይችላል፤ ሥራው ግን ከሙያዎ ጋር መልሶ ያገናኝዎታል። አፕዋርድሊ ግሎባል የሚባል ድርጅትም ሌላ ሀገር የተማሩ ስደተኞችን በሙያቸው ሥራ እንዲይዙ በነፃ ያግዛል። ኡበሩንም ሲቪው ላይ አይደብቁት። ባዶ አራት ዓመት ይብሳል።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ላይ አንድ ኤጀንት አዲስ አበባ ያለ ፕሮጀክት ላስገባህ፣ መጀመሪያ 5 ሺህ ብር አስገባ አለኝ።

መልስ፦ እንዳታስገባ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይቀበል ነው የሚለው። የሚከፍለው አሠሪው ነው። ስሙን ስክሪንሾት አድርገህ ለጓደኞችህ ላክ።

ጥያቄ፦ ሪያድ ነኝ፤ ኤሌክትሪካል መሐንዲስ። ኢቃማዬ (የመኖሪያ ፈቃዴ) ግን ቴክኒሽያን ይላል። ባይት በሚባለው የሥራ ድረ ገጽ ላይ ሳመለክት ምን ልሁን?

መልስ፦ የሠራህበትን ሁን፤ ግን በሳዑዲ የመሐንዲሶች ምክር ቤት ሳትመዘገብ በመሐንዲስነት መሥራት አትችልም። ስለዚህ መጀመሪያ ዲግሪህን አስረጋግጥ። የምዝገባ ቁጥሩን ፕሮፋይልህ አናት ላይ አድርገው። ቀጣሪው መጀመሪያ የሚያጣራው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ሲቪዬን ቻትጂፒቲ ቢጽፍልኝስ?

መልስ፦ ያስተካክልልህ፤ አይፍጠርልህ። ባለፈው አንድ ልጅ ሲቪው ላይ «የግድብ ዲዛይን መርቻለሁ» ይላል። የትኛውን ግድብ ስለው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሌላ ሰው ቀጠርን።

ጥያቄ፦ ማሳወቂያው በቀን አርባ ሥራ ይልክልኛል። ሁሉንም ማንበብ ታከተኝ።

መልስ፦ ከተማና የልምድ ዓመት ጨምርበት። «ኢንጂነር» የሚለውን ብቻውን አትተው፤ «ሽያጭ ኢንጂነር» እና «ሶፍትዌር ኢንጂነር»ም አብረው ይመጡብሃል። ወደ አምስት ስድስት ሲወርድ፣ ጠዋት ቡና እየጠጣህ ትጨርሰዋለህ።