የአንድ መደብር ሁለት ዋጋ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ ነዋሪነቴ በሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ በእመቤታችን ቸርነት በሰላም ስለ ተገላገለች ለሕፃኑ ጋሪ ልገዛላት አስቤ፣ ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ የአንድ ትልቅ መደብር አፕ ላይ ብመለከት ዋጋው 219 ዶላር ነበር። በማግስቱ እዚያው መደብር ስሄድ ያው ጋሪ 249 ዶላር ተለጥፎበት አገኘሁት። ስልኬን አውጥቼ ለገንዘብ ተቀባይዋ ላሳያት ስል ግን ማታ ያየሁት ዋጋ ጠፍቶ አፑም 249 ይላል። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ አፍሬ ከፍዬ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ብከፍተው ተመልሶ 219 ሆኗል። ይህ ነገር ሕጋዊ ነው? 30 ዶላሬንስ ማስመለስ እችላለሁ? ከገዛሁ ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ሲሆን ደረሰኙ በእጄ ነው።
(አያት ነኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ውድ እናታችን፣ ልጅዎን እንኳን ማርያም ማረቻት። ዓይንዎም ማስታወስዎም እንዳልተሳሳተ በቅድሚያ ልንገርዎት። ቀን የሚቆጠርበት ጉዳይ ስለሆነ ከሁለተኛው ጥያቄዎ እጀምራለሁ።

ዛሬውኑ፣ ቤትዎ ሆነው፣ 219 ዶላር የሚለው ዋጋ ከጋሪው ስምና ከሞዴል ቁጥሩ ጋር እንዲታይ አድርገው የስልክዎን ገጽ ፎቶ ያንሡ። ከዚያ ደረሰኙን ይዘው ወደ መደብሩ ይሂዱና፣ ገንዘብ ተቀባዮቹ ዘንድ ሳይሰለፉ፣ በቀጥታ ወደ ደንበኞች አገልግሎት መስኮት ቀርበው «የራሳችሁ ድረ ገጽ በዚህ ዋጋ ስለሚሸጠው ልዩነቱ ይመለስልኝ» ይበሉ። ይህ በዚህ አገር «ፕራይስ ማች» ተብሎ የሚታወቅ የተለመደ አሠራር ስለሆነ ሠራተኛው ሲሰማው እንግዳ አይሆንበትም። ለምሳሌ ታርጌት የራሱ ድረ ገጽ ዋጋ ካነሰ ከግዢው በኋላ ባሉት 14 ቀናት ውስጥ ልዩነቱን ይመልሳል፤ ቤስት ባይም ዕቃው ሊመለስ በሚችልበት ጊዜ ውስጥ የራሱን የኦንላይን ዋጋ ያከብራል። የእርስዎን መደብር ስም አልጻፉልኝም፣ እኔም አልገምትም፤ ይሁን እንጂ ደንቡ በድረ ገጹ ላይ ስለሚገኝ ልጅዎ ፈልጋ ብታነብልዎት መልካም ነው።

እምቢ ቢሉዎትም ሌላ መንገድ አለ። ቤትዎ ሆነው ያንኑ ጋሪ በ219 ዶላር በአፑ ይዘዙና ከመደብሩ ራስዎ እንደሚወስዱት ይምረጡ፤ ትእዛዙ ከጸና በኋላ የመጀመሪያውን ከነካርቶኑ ይመልሱ። ከመክፈልዎ በፊት ግን በመጨረሻው ገጽ ላይ የሚታየው ድምር አሁንም በ219 መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከመደብር እወስዳለሁ ሲባል ዋጋው ወደ መደብሩ ዋጋ የሚለወጥበት ጊዜ አለና።

ከደብዳቤዎ ውስጥ ልቤን የነካኝ «አፍሬ ከፍዬ ወጣሁ» ያሉት ነው። መርካቶ ውስጥ ያለ አንዳች ኀፍረት «የመጨረሻው ስንት ነው?» ብለን የምንከራከር ሰዎች፣ እዚህ አገር ስንመጣ መደርደሪያ ላይ የተለጠፈ ወረቀት እንደ አዋጅ ይታየናል፤ እንግሊዝኛችንንም እንጠራጠርና ዝም እንላለን። በእርግጥ እዚህ የተለጠፈውን ዋጋ እንዲቀንሱልን አንከራከርም፤ ነገር ግን ነጋዴው ራሱ በሌላ በር ያወጣውን ዋጋ መጠየቅ ክርክር አይደለም፣ እርሱ የጻፈውን መልሶ ማሳየት ነው።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። በአሜሪካ አንድ ነጋዴ በድረ ገጹና በመደብሩ እኩል ዋጋ እንዲያስከፍል የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም፤ ስለዚህ የዋጋው መለያየት ብቻውን ጥፋት አይባልም። ሕጉ የሚከለክለው ሸማቹን ማሳሳትን ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የኮነቲከት ግዛት ዋና ዐቃቤ ሕግ ቤስት ባይን የከሰሰው፣ በመደብሮቹ ውስጥ የነበሩት ኮምፒውተሮች ሕዝብ የሚያውቀውን ድረ ገጽ የሚመስል፣ ነገር ግን የመደብሩን ዋጋ የሚያሳይ የውስጥ ገጽ ይከፍቱ ነበር በሚል ነው። ደንበኛው ቤቱ ያየውን ቅናሽ ሲጠይቅ ሠራተኛው ያንን ገጽ ከፍቶ «ይኸው፣ የለም» ይለው ነበር ማለት ነው።

ለእርስዎ ገጠመኝ የሚቀርበው ግን የታርጌት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ የሚኒያፖሊስ ከተማ የቴሌቪዥን ጣቢያ ኬር 11 ጋዜጠኞች የድርጅቱን አፕ ፈትነው፣ አንድ የሳምሰንግ ቴሌቪዥን መኪና ማቆሚያው ላይ ሲሆኑ 499.99 ዶላር፣ በሩን አልፈው ሲገቡ ደግሞ 599.99 ዶላር እንደሚል አሳዩ። አፑ ስልኩ ያለበትን ቦታ ስለሚያውቅ፣ ደንበኛው ውጭ ሳለ የኦንላይኑን፣ ውስጥ ሲሆን የመደብሩን ዋጋ ያወጣ ነበር። ድርጅቱ ከዚያ በኋላ የሚታየው ዋጋ የመደብር ይሁን የኦንላይን የሚገልጽ ምልክት በአፑ ላይ ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የካሊፎርኒያ ሰባት አውራጃዎች ዐቃብያነ ሕግ በዚሁ አሠራር ምክንያት በመሠረቱት ክስ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እርስዎም ወደ መደብር ከመግባትዎ በፊት ለአፑ የሰጡትን ቦታዎን የማወቅ ፈቃድ ከስልክዎ ማስተካከያ ላይ ቢያጠፉት፣ ወይም ቤትዎ ሳሉ የገጹን ፎቶ ቢያነሡ፣ ዋጋው ከእጅዎ አያመልጥም።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል ለሚለው፣ አንዳንዶች እንደሚያስቡት ከታክስ አይደለም፤ የሜሪላንድ 6 በመቶ የሽያጭ ታክስ በሁለቱም መንገድ የሚታሰበው ከተለጠፈው ዋጋ በላይ ነው። ዋናው ምክንያት የድረ ገጹ ተፎካካሪና የመደብሩ ተፎካካሪ አንድ አለመሆናቸው ነው። ድረ ገጹ እንደ አማዞን ካሉት ጋር ስለሚሽቀዳደም ዋጋው በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ሊለዋወጥ ይችላል፤ የመደብሩ ወረቀት ግን ሰው በእጁ እስኪቀይረው ይጠብቃል፣ የሕንፃ ኪራይና የሠራተኛ ደመወዝም አለበት። ድረ ገጹ ራሱ ለሁሉም አንድ ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ዎል ስትሪት ጆርናል ጋዜጣ እንዳጋለጠው፣ የጽሕፈት ዕቃ ቸርቻሪው ስቴፕልስ አንዱን ስቴፕለር (የወረቀት መስፊያ) በድረ ገጹ ላይ ለአንዱ በ15.79፣ ለሌላው በ14.29 ዶላር ያሳይ ነበር፤ ተፎካካሪ መደብር በአቅራቢያው ያለው ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ያለውን ዋጋ ያይ ነበር።

ይህን ሁሉ ሲያነቡ መደብር ሁሉ ሁለት ዋጋ አለው ብለው እንዳይሠጉ አደራ። አልቤርቶ ካቫሎ የተባሉት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ በ10 አገሮች የሚገኙ 56 ትልልቅ ቸርቻሪዎችን አነጻጽረው፣ የኦንላይንና የመደብር ዋጋ በአማካይ 72 በመቶ ያህሉን ጊዜ አንድ ሆኖ አግኝተውታል። ዋጋው ሲለያይም ርካሹ ሁልጊዜ ኦንላይን አይደለም፤ መደብሩ መደርደሪያ ለማስለቀቅ የሚያወጣው የማጣሪያ ቅናሽ አፑ ላይ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ በሁለቱም በኩል ማየት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ዎልማርትና ታርጌትን የመሳሰሉት ድረ ገጾች ላይ ሌሎች ነጋዴዎችም ይሸጣሉ። ከዋጋው አጠገብ የሻጩ ስም የመደብሩ ካልሆነ መደብሩ ያንን ዋጋ እንዲያከብር ማድረግ አይቻልም፤ የጋሪው ቀለም ወይም የሞዴል ቁጥር በአንድ ፊደል ቢለይም እንዲሁ። በትክክል የሚገባዎትን ተከልክለው የተሳሳተ ዋጋ ታይቶኛል ብለው ካመኑ፣ የሜሪላንድ ዋና ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አቤቱታ ያለ ክፍያ ተቀብሎ ከነጋዴው ጋር ያደራድራል።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ በፈረቃ ስለምንሠራ የኮስትኮን ዘይትና ሩዝ ቤታችን ድረስ እናስመጣለን። ጎረቤታችን «ሄዳችሁ ብትገዙ ይረክስ ነበር» ትለናለች። የማድረሻውን ክፍያ ማለቷ ነው ወይስ የዕቃው ዋጋም ይለያል?
(ባልና ሚስት፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ጎረቤታችሁ እውነቷን ነው፤ የዕቃው ዋጋም ይለያል። ኮስትኮ ኢንስታካርት በተባለው ዕቃ አድራሽ አፕ በኩል በዕለቱ የሚያደርሰው ዕቃ፣ መጋዘን በሚባለው መደብሩ ውስጥ ካለው ዋጋ ከፍ ያለ መሆኑን ራሱ ይገልጻል፤ በራሱ ድረ ገጽ ላይ የሚታየው ዋጋም አብዛኛውን ጊዜ የማጓጓዣውን ወጪ በውስጡ ይዟል። በኢንስታካርት ከሌሎች መደብሮች የምታዝዙ ከሆነ፣ ከመደብሩ ስም ሥር ዋጋው ከመደብሩ ጋር እኩል መሆኑን ወይም ከፍ ማለቱን የሚናገር አጭር መስመር ስላለ እርሱን ንኩና አንብቡት። የአገልግሎት ክፍያና ለአድራሹ የሚሰጠው ጉርሻ ከዚህ በላይ የሚታሰቡ ናቸው። አንድ ጊዜ መጋዘኑ ስትሄዱ የዘይቱንና የሩዙን የዋጋ ወረቀት በስልካችሁ ፎቶ አንሡና ከሚቀጥለው ትእዛዛችሁ ጎን አስቀምጡት፤ ልዩነቱ ከአንድ ፈረቃ ዕረፍታችሁ ይብለጥ ወይም ይነስ እናንተው ታውቁታላችሁ።