ወደ ሆኖሉሉ ከመመለሳችሁ በፊት ሳምንታችሁን አስቡ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከባለቤትሽ ጋር ከላስ ቬጋስ ወደ ሃዋይዋ ሆኖሉሉ ልትመለሱ ነው። ገንዘባችሁ ውስን ነው፤ ቤት ተዘግቶባችሁ መኖርም አትፈልጉም። ከየት እንጀምር ነው ያልሽው። እኔም ቬጋስ ስድስት ዓመት ኖሬ ከተመለስኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት አበላሽቼዋለሁና እናንተም እንዳትደግሙት ሁሉንም ልንገርሽ።

ስንመለስ ያየነው ኪራይ ብቻ ነበር። ከመሃል ከተማው ራቅ ብሎ ኤዋ ቢች በሚባል ሰፈር ሰፋ ያለ ቤት ከከተማው በረከሰ ዋጋ አገኘንና ደስ ብሎን ገባን። ሥራችን ግን መሃል ሆኖሉሉ ነው። ጠዋት ኤች ዋን መንገድ ላይ ቆመን ፀሐይ ይወጣብናል፤ ማታም እዚያው ይመሽብናል። ሁለት መኪና፣ ሁለት ኢንሹራንስ፣ ቤንዚን። ከኪራይ ያተረፍነውን መንገዱ በላው። ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ሳልዋኝ መቅረቴ ነው። የናፈቀኝ ባሕሩ ነበር፤ በዚያ ዓመት ውኃ ውስጥ የገባሁት በጣት የሚቆጠር ቀን ነው።

ስለዚህ ቤት ከመፈለጋችሁ በፊት ሳምንታችሁን ወረቀት ላይ ጻፉ። የት ትሠራላችሁ? የት ትዋኛላችሁ? ገበያ በምን ትሄዳላችሁ? ከዚያ ይህንን ሁሉ በእግር፣ በሳይክል ወይም በአንድ አውቶቡስ የምትደርሱበት ሰፈር ፈልጉ፤ ቤቱ ቢጠብም ግድ የለም። እኛ አሁን ለመሃል ከተማው ቅርብ በሆነው ማኪኪ ሰፈር፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ነን። አንዱን መኪና ሸጠናል። አላ ሞአና ፓርክ በሳይክል ቅርባችን ነው። ከፊቱ ያለው የኮራል ድንጋይ ማዕበሉን ስለሚሰብረው ውኃው ረጋ ያለ ነው። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፀጉራቸው የሸበተ እናቶች ሲዋኙ ታያለሽ። ክፍያ የለውም። በእግር የሚወጣው የዳይመንድ ሄድ ተራራም የሃዋይ መታወቂያ ላለው ነፃ ነው፤ እንደደረሳችሁ መታወቂያ አውጡ። አውቶቡሱ ሳይክል ከፊቱ ይጭናል። ሆሎ የሚባለውን የአውቶቡስ መክፈያ ካርድ ከያዛችሁ ደግሞ የወሩ የክፍያ ጣሪያ ላይ ስትደርሱ የቀረውን ጉዞ አትከፍሉም።

ቤት ስታዩ መስኮቱን እዩ። ነፋሱ በአብዛኛው ከሰሜን ምሥራቅ ነው የሚመጣው። በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው የሚወጣበት ቤት ከሆነ ዓመቱን ከሞላ ጎደል ያለ ኤሲ ትኖራላችሁ። መብራት እዚህ እሳት ነው፤ አብዛኛው የሚመነጨው በመርከብ በሚመጣ ነዳጅ ነው። እኔ እንጀራ የምጋግረው በሁለት ሳምንት አንዴ ነው። ምጣዱ አንዴ ከጋለ ሃያ አምስቱን አውጥቼ፣ አቀዝቅዤ፣ አምስት አምስቱን ጠቅልዬ ፍሪዘር አስገባለሁ። ጤፍና በርበሬ ከቬጋስ ይዛችሁ ኑ።

በጀት ስታወጡ ቬጋስ ያለችበት ኔቫዳ የገቢ ግብር እንደሌላትና ሃዋይ እንዳላት አትርሱ። ሆኖሉሉ ባለችበት በኦዋሁ ደሴት ላይ አስቤዛም ቢሆን እስከ 4.712 በመቶ ግብር ይታከልበታል።

አንድ ደስ የሚል ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣ ሕግ መሠረት፣ በሳምንት 20 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለ4 ተከታታይ ሳምንት የሠራ ሰው በአብዛኛው ከቀጣሪው የጤና መድን ያገኛል። ለራስሽ ሽፋን ከደመወዝሽ ከ1.5 በመቶ በላይ አይቆረጥብሽም። የባለቤትሽን ግን ለብቻው ጠይቂ። ግማሽ ቀን ሠርቶ ግማሹን ለራስ ማድረግ እዚህ የሚቻለው ለዚህ ነው። እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው።

ውል ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ አንዳችሁ ቀድማችሁ ኑና የጠዋቱን መንገድ በሥራ ቀን ሞክሩት። እኛ የኤዋ ቢቹን ቤት ያየነው እሁድ ቀን ነበር።