ከሲቢሲ ማሽን ወደ ምርምር

ጥያቄ፦ በክልል ከተማ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ቴክኖሎጂስት ነኝ። ማይግሬን ያለባቸው ሰዎች የነርቭ ብሎክ (ነርቭን የሚያደነዝዝ) መርፌ ሲሰጣቸው በደማቸው ውስጥ ያሉ የኢንፍላሜሽን (የሰውነት መቆጣት) ምልክቶች ይለወጡ እንደሆነ የሚያጠና ጽሑፍ አንብቤ ተመሰጥኩ። የማስተርስ መመረቂያዬን በዚህ መሥራት እፈልጋለሁ። ባልደረቦቼ ግን «የሐኪም ሥራ ነው፣ አንቺን ምን አገባሽ?» ይሉኛል። ሥራ ለቅቄ ልማር?

መልስ፦ እህቴ፣ ባልደረቦችሽ ተሳስተዋል። መርፌውን የሚወጋው ሐኪሙ ነው፤ ቁጥሩ የሚወጣው ግን ካንቺ ማሽን ነው። ብዙዎቹ ጥናቶች የሚጠቀሙት ተራ ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ነው። ከነጭ የደም ሴሎች ኒውትሮፊል 4.2፣ ሊምፎሳይት 2.1 ከሆነ ተካፍሎ 2 ይመጣል። ይህን በፕላትሌት (ደም እንዲረጋ በሚረዳው ሴል) ቁጥር፣ በ250 እንበል፣ ስታባዢው 500 ይሆንና ሌላ መለኪያ ይወጣል። ሲአርፒ (በኢንፍላሜሽን ጊዜ በደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን) ይጨመርበታል፣ አለቀ። ርካሽ ነው። የቱርክ ሐኪሞች በዚህ መንገድ ደጋግመው የጻፉትም ለዚህ ይመስለኛል።

ችግሩ ያለው ሲሪንጁ ውስጥ ነው። ብሎኩ የሚሰጠው ከማጅራት በላይ፣ ትልቁ የኦክሲፒታል ነርቭ አጠገብ ነው። መድኃኒቱ ሊዶኬይን ወይም ቡፒቫኬይን ነው፤ አንዳንድ ሐኪም ግን ስቴሮይድ ይቀላቅልበታል። ስቴሮይድ ደግሞ በራሱ ኒውትሮፊልን ከፍ፣ ሊምፎሳይትን ዝቅ ያደርጋል። እንግዲህ መርፌው በተሰጠ በሰዓታት ውስጥ ደም ብትቀጂ፣ ታካሚዋ «ተሻለኝ» እያለች ያንቺ ወረቀት «ኢንፍላሜሽን ጨምሯል» ሊል ይችላል። ጥርሷ መግል ከያዘ ወይም ጉንፋን ካለባት ሲአርፒዋ ከፍ ይላል፤ ከማይግሬኑ ጋር ግንኙነት የለውም። ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል) ባለበት ቲዩብ ውስጥ ፕላትሌት ተጣብቆ ቁጥሩ በሐሰት ሲወርድስ? ስላይድ ሠርቶ የሚያጣራው ማን ነው? አንቺ ነሻ!

ስለዚህ ፕሮፖዛልሽ ላይ «ማይግሬንን የሚለይ የደም ምርመራ አገኛለሁ» ብለሽ እንዳትጽፊ። እነዚህ ምልክቶች በብዙ በሽታ ይለዋወጣሉ። ጠበብ አድርጊው፦ ስቴሮይድ ያለበትና የሌለበት ብሎክ፣ ከመርፌው በፊትና በኋላ በተወሰነ ሰዓት የተቀዳ ደም። ሲጂአርፒ የሚባለው፣ ከነርቭ የሚለቀቅ ሞለኪውልም ያጓጓሻል። በ1990 በማይግሬን ሕመም ወቅት ከአንገት ደም ሥር በተቀዳ ደም ውስጥ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ በ2018 ደግሞ በእሱ መንገድ ላይ የሚሠራው ኤሬኑማብ የተባለ የማይግሬን መከላከያ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ግን ቶሎ ስለሚፈራርስ አያያዙ ከባድ፣ ኪቱም ውድ ነው፤ ለማስተርስ ይቅርብሽ።

የምትማሪውን ዘርፍ በማይግሬን አትወስኚው። ሂማቶሎጂ ወይም ኢሚዩኖሎጂ ያዢ። እንደ አርማወር ሐንሰን ባሉ የምርምር ተቋማት ሥራ ስታመለክቺ ቲሲስሽ የቀረበበት ርዕስ ብዙም አያሳስብም፤ ናሙና አያያዝሽ፣ ዳታ ላይ ያለሽ ጥንቃቄና የጂሲፒ (በሰው ላይ የሚደረግ ምርምር የሥነ ምግባርና የጥራት ደንብ) ሥልጠናሽ ግን ይታያል። ጂሲፒውን በነፃ ኦንላይን ልትወስጂው ትችያለሽ፤ ዛሬ ማታ ጀምሪ።

ሥራሽንም አትልቀቂ፣ የትምህርት ፈቃድ ጠይቂ። ከዚያ በፊት ግን ብሎክ የሚሰጥ የነርቭ ወይም የአንስቴዥያ ሐኪም ፈልጊና ሁለት ነገር ጠይቂው፦ በወር ለስንት ሰው ይሰጣል? ስቴሮይድስ ይቀላቅላል? መልሱ «ለሁለት ለሦስት ሰው» ከሆነ ርዕሱን ቀይሪ።