ደሴ ለሦስት ቀን ለምትመጡ፦ መጀመሪያ ሰኞን ያዙ

«ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ለሦስት ቀን ደሴ ልንመጣ ነው፤ ምን እንይ፣ የት እንብላ?» ላልሽው እህታችን፦ ቀኑን ገና ካልቆረጣችሁ ከሦስቱ አንዱ ሰኞ ይሁን። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ቅዳሜ የሄደ ሰው ባዶ ሜዳና ሙቀት አይቶ ይመለሳል።

ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማልዳችሁ ካልተነሳችሁ የሐረጎን ዳገት በጨለማ ትወጣላችሁ፤ ክረምት ላይ ደግሞ ጉሙ ሲወርድ ከፊት ያለው መኪና አይታይም። በአውሮፕላን ከሆነ የምታርፉት ኮምቦልቻ ነው፤ ከዚያ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ነው። ኮምቦልቻ ሞቀኝ ብላችሁ የልጆቹን ጃኬት ሻንጣ ውስጥ እንዳትቀብሩት። ጦሳ ተራራ ሥር ያለው የደሴ ብርድ ቀልድ አያውቅም።

ለከተማዋ አንድ ቀን ይበቃል። አይጠየፍ አዳራሽን እዩ፤ ያሠሩት የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው፤ እሳቸውም ከ1870ው የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በፊት፣ ሙስሊም ሳሉ፣ ስማቸው መሐመድ አሊ ነበር። የደሴ ሙዚየም በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ተዘርፏል፤ ክፍት መሆኑን ሳትጠይቁ ልጆቹን ይዛችሁ እንዳትለፉ። ከዚያ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር በእግር ውረዱ። እውነቱን ለመናገር ደሴ ሕንፃ ለማየት የሚመጣባት ከተማ አይደለችም። ደሴ ማዕዷ ነው።

ታዲያ እንግዳ የሚሳሳተውም እዚያው ነው። ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ግቢ ይኖራል፣ ይጋባል፣ በሐዘንና በሠርግ አይለያይም፤ ሥጋው ግን ለየብቻ ነው። ሠርግ ላይ እንኳ የሁለቱም ለየብቻ ታርዶ፣ በየድስቱ ተሠርቶ ይቀርባል። ስለዚህ ምግብ ቤት ስትገቡ የማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ነውር የለውም፣ አስተናጋጁም አይቀየምም። ሥጋ ቤት ከሆነ መስቀል ወይም ጨረቃ ተለጥፎበት ታያላችሁ። ረቡዕና ዓርብ ልጆቹ ሥጋ ካማራቸው ወደ ሙስሊሙ ቤት ሂዱ። በረመዳን ግን ቀን ላይ አብዛኛው ዝግ ነው፤ ማታ ሳንቡሳው ሲወጣ ያካክሳል።

ሰው ቤት ቡና ከተጠራችሁ በአቦል ብቻ አትነሱ። እስከ በረካ ቆዩ፤ ምርቃቱ ያለው መጨረሻ ላይ ነው። ዱዓ ሲደረግ እጅን ዘርግቶ «አሚን» ማለት ለክርስቲያኑም የተለመደ ነው። ጫት ከቀረበና ካልፈለጋችሁ «አልቅምም፣ ይባረክ» ካላችሁ ማንም አያስጨንቃችሁም፤ «አብሽር» ይሏችኋል።

ሁለተኛውን ቀን ለሐይቅ ስጡ። ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከሐይቅ ከተማ እስከ ውሃው ዳር ባጃጅ አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ የመሩት የእስጢፋኖስ ገዳም ወንዶችን ብቻ ነው የሚያስገባው። ስለዚህ አስቀድማችሁ ተስማሙ፦ ባለቤትሽ ሲገባ አንቺ በአቅራቢያው ያለውን የሴቶች ገዳም ማየት ትችያለሽ። ውሃው ጥልቅ ነው፤ ልጆቹን ለዋና አትልቀቋቸው። ምሳ ዓሣ ብሉ።

ሰኞ ባቲ፦ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቁልቁል ወደ ቆላው ነው። ረፋዱ 3 ሰዓት ላይ ድረሱ፤ ከሰዓት በኋላ ሰዉ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ መመለስ ይጀምራል፣ ገበያውም ይሳሳል። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው ሁሉ የሚገናኝበት ነው፤ ግመሉና ከብቱ የሚሸጥበት ለብቻ ነው። ከግመሉ ኋላ ልጆች አይቁሙ። ፎቶ ሳታስፈቅዱ አታንሱ፤ በተለይ አፋሮቹን። ውሃና ኮፍያ ያዙ፣ ዝርዝር ብርም አይቅር። መንገዱ ሰላም መሆኑን ግን እሑድ ማታ መናኸሪያ ካሉ ሾፌሮች አጣሩ።

ላሊበላን በዚህ ውስጥ ለመጨመር አትሞክሩ፤ በወልድያ በኩል ሄዶ መመለስ ብቻውን ሁለት ቀን ይበላል። የምትመጡት ለመስከረም 21 የግሸን ማርያም በዓል ሰሞን ከሆነ ደግሞ አልጋ አስቀድማችሁ ያዙ፤ ደሴ ላይ ባዶ ክፍል አይገኝም።