የመኪና ሞተር በሞተር ብስክሌት ላይ፦ ጥያቄና መልስ

ለ24 ሰዓት የጽናት ውድድር የሚሆን ሞተር ብስክሌት በመኪና ሞተር መሥራት ለምትፈልጉ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ ዛሬ ጠይቁኝ። ፍሬኑ ሳይያያዝ ሞተር አታስነሡ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የትኛው ሞተር ይሻላል?
መልስ፦ ለየትኛው ቴላዮ (የሞተር ብስክሌቱ አጽም)? በስንት ብር? አስተካክለህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ የቮልስ ሞተር አለኝ። ከኋላ ጎማው ጋር በካቴና (በሰንሰለት) ላገናኘው?
መልስ፦ ይህ ጥያቄ ነው! የቮልስ ዋና ዘንግ ከፊት ወደ ኋላ ይተኛል፤ የኋላ ጎማህ አክሰል ግን አግድም ነው። ጉልበቱ አንድ ቦታ ላይ በ90 ዲግሪ መታጠፍ አለበት፤ ካቴና ደግሞ ወደ ጎን አይታጠፍም። ስለዚህ ኮሮናና ፒኞን (ዙሩን በ90 ዲግሪ የሚያዞሩ ሁለት ጥርሳም ማርሾች) ያስፈልግሃል፤ ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቀረጽበት) ሳትሄድም አይሆንም። ጀርመናዊው ፍሪድል ሙንሽ እ.ኤ.አ. በ1966 የኤን ኤስ ዩ መኪና ሞተር የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በአየር የሚቀዘቅዝና አግድም የሚቀመጥ ነበርና ካቴናው ቀጥ ብሎ ወረደለት። ሌላም ልጨምር፦ ለማማር ብላችሁ የቮልሱን ማራገቢያ አታውልቁ። ሦስተኛው ሲሊንደር የዘይት ማቀዝቀዣው ነፋሱን ስለሚከልልበት መኪናው ላይ እያለም ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል፤ ቫልቩ ቀድሞ የሚቃጠለውም የእሱ ነው።

ጥያቄ፦ የቪትዝስ?
መልስ፦ ራዲያተር፣ ኮምፒውተር፣ የሽቦ ጫካ። ኤሌክትሪሺያን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ደሴ ላይ ይደክማል፤ ኮምቦልቻ ስወርድ ይነቃል። ሞተሩ ታሟል?
መልስ፦ አየሩ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከባሕር ጠለል አንጻር ሩብ ያህል ጉልበት ይጠፋል። ካርቡሬተሩም ለዚያ ቀጭን አየር ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላውን ፍታው፤ ጥቀርሻ ከለበሰ ጂግለሩን (ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ) አሳንስ።

የኮምቦልቻ አባል፦ ድሮም ሞተር የሚሠራው እኛ ጋር ነው።
የደሴ አባል፦ በእናንተ ሙቀት? ዘይቱ ውሃ ሆኖ ይቀራል!
የኮምቦልቻ አባል፦ ከደሴ ብርድ ይሻላል፤ እናንተ ጋር ጠዋት የሚነሣ ሞተር የለም።
መልስ፦ ይህን ሻይ ቤት ጨርሱት።

ጥያቄ፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ልሞክረው?
መልስ፦ አይሆንም! ያ መንገድ የጭነት መኪና ፍሬን የሚያቃጥል ነው። ደግሜ እላለሁ፦ መጀመሪያ ፍሬን።

ጥያቄ፦ የትኛው ሞተር ይሻላል?
መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ጥያቄ፦ የቮልሱ ዘይት 24 ሰዓት ይችላል?
መልስ፦ የሚይዘው 2.5 ሊትር ገደማ ነው፤ ያለው ወንፊት እንጂ ፊልትሮ አይደለም። ተጨማሪ ማቀዝቀዣና ፊልትሮ ግጠምለት፤ ቱቦውንም ከጭስ ማውጫው አርቀህ እሰር።