ኤሌክትሪክ የጥርስ ብሩሽ ሊላክልሽ ከሆነ

ሰላም እህቴ። «ወንድሜ ከአሜሪካ ኤሌክትሪክ የጥርስ ብሩሽ ሊልክልኝ ነው፤ ድድ ይጎዳል ይላሉ፤ ለመሆኑ ከተራው ይሻላል ወይ?» ብለሻል። እኔ አራት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ። መጀመሪያ ላይ በጣም ጎድቶኛልና እንደኔ እንዳትሆኚ ልንገርሽ።

1. ወንድሽ ሳይልከው የቻርጀሩን ጀርባ ያንብብ። የእኔን ኦራል-ቢ የላከችልኝ ቨርጂኒያ ያለችው አክስቴ ናት። ደስ ብሎኝ በዚያው ምሽት ሶኬት ላይ ሰካሁት። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የኛ 220። ወዲያው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፤ አለቀለት። ሌላ ቻርጀር እስካገኝ ሁለት ወር ፈጀብኝ። «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ካለበት ግን ሳትሰጊ ስኪው።

2. አያያዝሽ። እኔ ያደግኩት አዳማ ነው። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ጠጥቶ ያደገ ሰው ጥርሱ እንዴት እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ቡናማውን ያስለቅቅልኛል ብዬ እንደ ተራው ብሩሽ ወዲያ ወዲህ እያልኩ፣ እየተጫንኩ ፈተግኩት። እጀታው ላይ ቀይ መብራት ይበራል። ባትሪው እያለቀ መሰለኝ። ለካ «በጣም ተጫንክ» ማለቱ ነው! ስድስት ወር እንዲህ ሆንኩ። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ ነፍሴ እስክትወጣ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ክራንቻዬ የረዘመ ይመስላል። ድዴ ሸሽቶ ነው። የሸሸ ድድ ደግሞ በራሱ አይመለስም።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ሐኪሙም አፌን አንድ ደቂቃ ሳያይ «አራቱን ጥርሶችህን ሽፋን እናልብሳቸው» ብሎ ዋጋ ነገረኝ። እንዴት እንደምቦርሽ የጠየቀኝ የለም። እስካሁን ያናድደኛል። ሌላ ቦታ ያገኘኋት ሐኪም ግን «ብሩሽህን ይዘህ ና» አለችኝ። መስተዋት ፊት አቁማ እጄን ይዛ አሳየችኝ። «አንተ አትፈትግ። እያንዳንዱ ጥርስ ላይ ቀስ ብለህ አሳርፈው፣ ሥራውን እሱ ይሥራ።» ቡናማውም በልጅነቴ ጥርሴ ሲሠራ ከውሃው ፍሎራይድ የመጣ ስለሆነ በፍትጊያ እንደማይለቅ ነገረችኝ። ይህን ከዚያ በፊት ማንም አልነገረኝም።

ይሻላል ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ግን ልዩነቱ ያን ያህል ሰፊ አይደለም። የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው ኮክሬን የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. 56 ጥናቶችን ሰብስቦ አይቷል። ከሦስት ወር በላይ ሲጠቀሙበት ጥርስ ላይ የሚለጠፈው ቆሻሻ ከተራው ብሩሽ በ21 በመቶ፣ የድድ ብግነት በ11 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የታየው ጉዳትም ቀላልና ጊዜያዊ ነበር። በብዛት የተጠናው እንደኔው ክቡ፣ ግራና ቀኝ የሚሽከረከረው ነው።

የሚቀየረውን የብሩሹን ጫፍ ግን ከየትም አትግዢ፤ በደንብ ካልገጠመ ሊነቀል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ስፒንብራሽ ስለሚባል ባትሪ ብሩሽ ያስጠነቀቀው፣ ጫፉ አፍ ውስጥ እየተነቀለ ጥርስ ስለሰበረ ነው። በየሦስት ወሩ ስለሚቀየር ለዓመት የሚበቃሽን አራት ጫፍ ወንድሽ አብሮ ይላክልሽ፤ ለስላሳውን።

እኔ አሁን ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ደቂቃ እቦርሻለሁ። ድዴ መድማት ካቆመ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ባለፈው ቀጠሮዬም ያቺ ሐኪም «ጎበዝ» ብላኛለች። ሲደርስሽ ቀይ መብራት ያለው መሆኑን አይተሽ ጻፊልኝ።